የነዳጅ ዛፍ፦ ለገበሬው እንጀራ ወይስ ሌላ ዕዳ?

ገበሬው ዛፍ ይተክላል፣ ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል፣ ዘይቱ መኪና ያንቀሳቅሳል። ገበሬው ገንዘብ ያገኛል፣ የአየር ንብረቱም ይጠቀማል። ሲሰሙት ደስ ይላል አይደል? ይሄ ተስፋ እኛ አገር አንዴ መጥቶ ሄዷል። አሁን ደግሞ በሌላ በር እየተመለሰ ስለሆነ ያኔ የሆነውን እናስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ በ2007 መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። ሰነዱ ለነዳጅ ተክል ይሆናል ያለው መሬት ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል 147 ዶላር ደረሰ። የውጭ ኩባንያዎች በአፍሪካ መሬት ፍለጋ ተሯሯጡ፣ ኢትዮጵያም አልቀረላትም።

የዘመኑ ኮከብ ጃትሮፋ ነበር። ተክሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባቲ አካባቢ «አይደርቄ» ይሉታል፣ ገበሬው አጥር ያደርገዋል። መርዛማ ስለሆነ ከብት አይበላውም፣ ድርቅም አይገድለውም። ከፍሬው ክብደት ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው። ስለዚህ «ሌላ ሰብል በማይበቅልበት ደረቅ መሬት ላይ ይተከል» ተባለ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አለመድረቅ ሌላ፣ ማፍራት ሌላ።

በሄክታር 5 ቶንና ከዚያ በላይ ፍሬ ይገኛል ሲባል የነበረው፣ በደረቅ መሬት ላይ በብዙ ቦታ 1 ቶን እንኳን አልሞላም። 1 ቶን ፍሬ ሲጨመቅ ወደ 300 ሊትር ዘይት ይሰጣል። እስቲ አስቡት፤ የአንድ ሄክታር የዓመት ምርት የአንድ ሲኖትራክ ታንከር አንዴ ቢሞላ ነው። የእኛ አገር ገበሬ አማካይ ይዞታ ደግሞ 1 ሄክታር ገደማ ነው። በዚያ ላይ ዛፉ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይጠበቃል። እስከዚያ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ቀድማ አጣርታለች። እ.ኤ.አ በ2009 የወጣ ጥናት የአነስተኛ ገበሬዎችን ማሳ አይቶ ምክሩን በአጭሩ አስቀመጠ፦ ጃትሮፋን ለአጥር ካልሆነ በስተቀር እንደ ሰብል አትትከሉ።

እኛ ጋ በወላይታ አካባቢ የተሞከረው ጉሎ ነበር። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ጉሎ። ገበሬዎች ከውጭ ኩባንያ ጋር ተዋውለው የምግብ እህል ከሚዘሩበት ማሳ ላይ ቀንሰው ተከሉ። ምርቱ እንደተነገረው አልሆነም፣ ክፍያውም ዘገየ። በዚያው በ2008 የበልጉ ዝናብ ቀረና አካባቢው ተራበ። ረሃቡን ያመጣው ጉሎው ነው አንልም። ግን ጎተራው ባዶ በሆነበት ዓመት ማሳ ላይ የማይበላ ነገር ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል ለመገመት ገበሬ መሆን አያስፈልግም።

በምሥራቅ ሐረርጌ ደግሞ ለነዳጅ ተክል የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ተገኘ። የአየር ንብረት ነገር የሚበላሸው እንዲህ ሲሆን ነው። ዛፉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርቦን፣ ዘይቱ ሲቃጠል ተመልሶ ይወጣል። ሒሳቡ የሚያዋጣው በባዶ መሬት ላይ ሲተከል ነው። ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ግን በምንጣሮው የወጣውን ካርቦን ለመክፈል አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ከዚያስ? በ2008 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በ2009 ግዙፉ ቢፒ ሳይቀር ከጃትሮፋ ሥራው ወጣ። ኩባንያ ኪሳራውን መዝግቦ ይወጣል። ገበሬው ከማሳው ወዴት ይወጣል?

አሁን ለምን ይህን አነሳን? ምክንያቱም ፈላጊው ተመልሷል፣ በዚህኛው ዙር የመጣው ግን በአውሮፕላን ነው። ከ2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶች ከሚቀዳው የአውሮፕላን ነዳጅ ቢያንስ 2% «አረንጓዴ» መሆን አለበት። በ2030 ወደ 6% ያድጋል። ከምግብ ሰብል የተሠራው ስለማይቆጠር ሁሉም የማይበላ ዘይት እየፈለገ ነው። የጣሊያኑ ኤኒ ከ2022 ጀምሮ ኬንያ ውስጥ የጉሎ ፍሬን ጨምሮ ከገበሬዎች እየገዛና እየጨመቀ ዘይቱን ወደ ጣሊያን ይልካል። ነገ ተመሳሳይ ጥያቄ እኛ አገር ቀበሌ ድረስ ቢመጣ አይገርመንም።

እኛ «ዛፉ አይተከል» አንልም። አይደርቄ በአጥር ላይ፣ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ጥሩ ነው። አፈር ይይዛል፣ ከብት ያግዳል፣ ዘይቱ ሳሙና ይሆናል፣ የተጨመቀው ገለባ ለማዳበሪያ ይጠቅማል። ገበያው ቢጠፋ እንኳን ገበሬው አጥሩ አለው፤ ማሳውም በጤፍና በበቆሎው ሥራ ላይ ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው፦ ዛፉ ዳር ላይ ከሆነ ትርፍ ነው፣ መሀል ማሳ ላይ ከሆነ ቁማር ነው።

ስለዚህ አገር ቤት ገበሬ አባት፣ አጎት ወይም አክስት ያላችሁ፣ አንድ ቀን «የነዳጅ ዛፍ ትከሉ» የሚል ሰው ከመጣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በስልክ አድርሱላቸው፦

1. ፍሬውን ማን ነው የሚገዛው? ዋጋውስ በጽሑፍ ውል ላይ ሰፍሯል?

2. የሚተከለው የት ነው? አጥር ላይ ወይስ የእህል ማሳ ላይ?

3. ዛፉ እስኪያፈራ፣ ወይም ጭራሽ ባያፈራ፣ ኪሳራው የማን ነው?

ሦስተኛው ላይ መልሱ «የገበሬው» ከሆነ፣ ድሃን ለመርዳት የመጣ ሳይሆን በድሃ መሬት ዕድሉን ሊሞክር የመጣ ነው።

በእናንተ አካባቢ ጉሎ ወይም ጃትሮፋ ተሞክሮ ያውቃል? መጨረሻው ምን ሆነ? ከታች ጻፉልን፣ እናነባለን።