«ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉን ምን እንመልሳለን?

ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የሚጠብቀን ፈተና ሁሉ በእርሳስ የሚጠቆር አይደለም። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዶቻችን ወደ ሙያ ማሠልጠኛ፥ ሌሎቻችንም በቀጥታ ወደ ሥራ እንሄድ ይሆናል። ዳሩ ግን መንገዳችን ቢለያይም፥ አንድ ቀን ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ወደሚሉበት ክፍል መግባታችን አይቀርም። ለሒሳብና ለፊዚክስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንዘጋጅ፥ ለዚህች ጥያቄ አንዲት ቀን እንኳ አለመዘጋጀታችን በጣም ያሳስበኛል።

«ታዲያ ይህ ምን ያስቸግራል? ጥያቄዎቹ እንደ ሆኑ የታወቁ ናቸው» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። እውነቱን ነው። «ለምን ከእኛ ጋር ለመሥራት ፈለግህ?» «ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው? ደካማ ጎንህስ?» «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ደርሰህ እናገኝሃለን?» «ምን ያህል ደመወዝ ትጠብቃለህ?» እነዚህ ሁሉ ከነመልሳቸው በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ እናያለን። እኔም የምቃወመው ይህንኑ ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው፤ የሌላውን ሰው መልስ በቃል ማጥናት ግን ካለመዘጋጀት የከፋ ይመስለኛል።

የአክስቴ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ለአንድ ድርጅት አመልክቶ ነበር። የጽሑፉን ፈተና አልፎ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ፥ ሃያ ያህል ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ገባ። ደካማ ጎኑን ቢጠይቁት፥ ሥራ ከጀመረ ሳይጨርስ ማረፍ እንደማይሆንለት ተናገረ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ፈገግ ብሎ፥ «ካንተ በፊት የገቡት ሦስቱም ይህንኑ ነግረውናል» አለውና ወደ አማርኛ ተመልሶ፥ «በል እንግዲያው ሳታርፍ ሠርተህ የጨረስኸውን አንድ ነገር ንገረን» ሲል ጠየቀው። የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። ሥራውንም አላገኘም።

የሚያስቆጨው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይኸው ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈራችንን የዕድር መዝገብ ይዞ፥ የወር መዋጮውን እየሰበሰበ፥ ውዝፍ ያለባቸውንም በትሕትና እያስከፈለ፥ ሒሳቡ አንዲት ብር ሳትጎድል ያስረከበ ሰው ነው። ለሒሳብ ሠራተኛነት ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኛል? «ለምን ይህን አልነገርሃቸውም?» ብለው፥ «ዕድር ደግሞ ሥራ ነው? ደግሞስ ራሴን ላመስግን?» አለኝ።

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የእኛን አስተዳደግ አገኘሁት። በትልቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ሰበር አድርገን፥ ሲጠይቁን ብቻ አጠር አድርገን እንድንመልስ፥ «እኔ» የሚለውንም ቃል እንዳናበዛ ተነግሮን አድገናል። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ ወላጆቻችንንም አመሰግናለሁ። ሆኖም የማያውቁን ጠያቂዎች ያጎነበሰውን አንገት የአክብሮት ሳይሆን የፍርሃት ምልክት፥ እጥር ምጥን ያለውንም መልስ የችሎታ ማነስ አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ያሉት አባቶቻችን፥ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ማለታቸውንም መርሳት አይገባንም። የሠሩትን በልኩ መናገርና ጉራ መንዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በቀድሞው ዘመን በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው ፊት ለፊት ይሟገቱ፥ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዱ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ወረቀት ይዞ የሚያነብ አልነበረም። ይሁን እንጂ አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ምስክር ያስፈልግ ነበርና። የቃለ መጠይቅም ምስክሩ የራሳችን ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ሽምደዳ ዋጋ እንደሌለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላክል። ታላቁ የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን በ1921 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ለሚጠይቁት ወጣቶች ከመቶ በላይ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች ያቀርብ ነበር። ጥያቄዎቹም ብዙ ሳይቆዩ አፈትልከው በጋዜጣ ታተሙ። በዚያው ዓመት አሜሪካን ሲጎበኝ የነበረው አልበርት አይንስታይን ስለ ድምፅ ፍጥነት ቢጠየቅ፥ ከመጽሐፍ የሚገኘውን ነገር በአእምሮው ይዞ እንደማይዞር መለሰ ይባላል። አይንስታይን በኤዲሰን ፈተና ይወድቅ ነበር ማለት ነው! «አንተ ራስህ ምን ሠራህ?» የሚለው ጥያቄ ግን በየጋዜጣው ቢታተም እንኳ፥ መልሱን ከጎረቤት መዋስ አይቻልም።

ስለዚህ ዝግጅታችን በደብተር ይጀመር። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ቢልም ዜሮ ዓመት የኖረ ሰው የለም። በጉሊት እናቷን የምትረዳ ጓደኛችን፥ «ሽንኩርት እሸጥ ነበር» ብላ ብታቆም ጠያቂዎቹ ምንም አይሰሙም። «ዱቤ የወሰዱትን ደንበኞች ስም በደብተር መያዝ ጀመርሁ፤ ቀድሞ ይረሳ የነበረውን ገንዘብ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንሰበስባለን» ብትል ግን ጥንቃቄዋን፥ ቍጥር ማወቋንና ሰው አያያዟን በአንድ ትንፋሽ አሳየች። በሚኒ ሚዲያ የሚያነበው፥ በቀይ መስቀል ክበብ የሚያገለግለው፥ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ የሚይዘው ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ምን ችግር ነበረ፥ እኔ ምን አደረግሁ፥ ምን ተገኘ ብሎ መጻፍ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ይታሰብ፤ ሐሳቡ የራስ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ማዞሩ ቀላል ነው።

ስለ ደካማ ጎን ሲጠየቅ እውነተኛውን ድክመትና ለማሻሻል የተጀመረውን ነገር መናገር ይሻላል። ስለ ደመወዝም፥ ማስታወቂያው «በስምምነት» ካለ ለመሰል ሥራ ሌሎች የሚከፍሉትን አስቀድሞ ጠይቆ መግባት ነው እንጂ፥ እዚያ ደርሶ «እናንተ እንዳላችሁ» ማለት ስምምነት አይባልም። እኅቶቻችን ደግሞ አግብተሻል ወይ፥ ለመውለድስ አስበሻል ወይ ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ሴት በመሆኗ ምክንያት በቅጥርም ሆነ በክፍያ ልዩነት እንዳይደረግባት የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ይደነግጋልና፥ በጨዋነት ነገሩን ወደ ሥራው መመለስ መብታቸው ነው።

ውሸት ጨምሮ ማሳመር ግን አያዋጣም። በዚሁ ዐዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘውን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ኮምፒዩተር አውቃለሁ ብሎ የገባ ሰው ስልሳ ቀን ሙሉ ተሸሽጎ መቆየት አይሆንለትም።

እንግዲህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ሰዓት ይፈቀድልን። ሦስታችን ጠያቂ፥ አንዳችን ተጠያቂ እየሆንን እንለማመድ፤ የአማርኛና የእንግሊዝኛ አስተማሪዎቻችንም እየሰሙ ያርሙን። ከወላጆቻችን መካከል ሰው ቀጥረው የሚያሠሩ አሉና፥ በወር አንድ ጊዜ መጥተው ከጠያቂዎቹ ወንበር ቢቀመጡልን ከእኛ ይልቅ እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቁናል። ሌሎቻችሁም ወላጆች ልጃችሁ ማታ በቤት ውስጥ «ዛሬ እንዲህ ሠራሁ» ብሎ ሲጀምር እስኪጨርስ ድረስ ብትሰሙት፥ ልምምዱ ከዚያው ተጀመረ ማለት ነው። የሚያስፈልገን አንድ ክፍል፥ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄዎች እኔ ጽፌ አመጣለሁ፤ መልስ ግን አልጽፍም።