ከጥናት ክበብ፦ ንዑስ መትረየስና ፋብሪካው

ሚራክል ማይል፣ ሎስ አንጀለስ

በጥናት ክበባችን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲወረን የጐደለን ጀግንነት ነበርን? አልነበረም። የጐደለውን ለማወቅ አንድ መሣሪያ ፈትተን እንመልከት።

ንዑስ መትረየስ አንድ ሰው በእጁ ይዞ የሽጉጥ ጥይት በተከታታይ የሚተኩስበት መሣሪያ ነው። የተወለደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኢጣሊያ በ1915 ያወጣችው ባለ ሁለት አፈሙዙ ቪላር ፔሮዛ መጀመሪያ የታሰበው ለአውሮፕላን ነበር። በ1918 ጀርመናዊው ሁጎ ሽማይሰር የነደፈው ኤም ፒ 18 ግን ሰደፍ ያለው፣ አንድ ወታደር ብቻውን ምሽግ የሚጠርግበት ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቃታው ሲሳብ ወደ ኋላ ተይዞ የነበረው ከባድ የመዝጊያ ብረት በሞላ ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጥይቱን ከካዝናው ወስዶ ይተኩሳል። የባሩዱ ግፊት ቀለሁንና ብረቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሞላው እንደገና ይወረውረዋል። ውስብስብ መቆለፊያ የለውም፤ ከሌላው አውቶማቲክ መሣሪያ ሁሉ ለመሥራት የሚቀለው ይህ ነው።

ይህ መሣሪያ በማን እጅ ገባ? ቱሊዮ ማሬንጎኒ የነደፈው ቤሬታ ሞዴል 38 ሁለት ቃታ ነበረው፤ የፊተኛው ለነጠላ፣ የኋለኛው ለተከታታይ ተኩስ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎቹ አንዱ የኢጣሊያ አፍሪካ ፖሊስ ነበር። ይህም በሊቢያና በአገራችን የተያዘውን ሕዝብ ለመርገጥ የቆመ ኃይል ነው። ለምሽግ የተፈጠረው መሣሪያ የቅኝ ገዢ ዱላ ሆነ ማለት ነው።

በእኛ በኩልስ? የጠመንጃዎቻችን ስም ይመስክር። ውጅግራ ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይ ስም የመጣ ነው፤ ለበን ከሌቤል፤ ቤልጅግም አገሩን ይናገራል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የግራው 11፣ የሌቤሉ 8 ሚሊሜትር ነው። ወደብ አልነበረንም። በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣሊያ ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። «እኩል» የተባለው ክልከላ የወደቀው በእኛ ላይ ብቻ ነበር። በጥቅምት ሲነሣ ወረራው ተጀምሮ ነበር።

በአንጻሩ እንግሊዝ በ1941 ያወጣችውን ስቴን የተባለ ንዑስ መትረየስ፣ በናዚ ቀንበር ሥር የነበሩ የፖላንድና የዴንማርክ አርበኞች በድብቅ አስመስለው ሠርተዋል። ከእኛ አርበኞች በጀግንነት ስለሚበልጡ አይደለም፤ ብረት ቆራጭ፣ ማሽንና የሠለጠነ ሠራተኛ በየከተማቸው ስለነበረ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ለማስቀለጥ ሲደክሙ ይህንኑ ተረድተውት ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ግን መግዛትን መረጡ።

ለውይይት፦ ዛሬ በባዕድ አገር ምሕንድስና የምንማር ሁሉ ነገ ለአገራችን የምናስገባው ምንድን ነው? የተሠራውን ዕቃ ነው ወይስ የሚሠራበትን ጥበብ?