ነጥቡን ማን ሰጠ? በየትኛው ማሽን?

"ጌሙ እኮ ከ10 9 አግኝቷል!" ከተባለ ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል። እኛ ደግሞ ክርክሩ መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው ባዮች ነን። ዘጠኙን የሰጠው ማን ነው? በምን ማሽን ተጫውቶ? ስንት ሰዓት? ይህን ሳይጠይቁ በቁጥር ብቻ ተማምኖ ብር ማውጣት በሰው ምላስ ጨው እንደ መቅመስ ነው።

የሳይበርፐንክ 2077ን ነገር እናስታውሳችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ጌሙን ያወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በፊት በወጡት ሪቪዎች፣ የየድረ ገጹን ነጥብ ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ ከ100 90 አካባቢ አስቀምጦት ነበር። ሰው ምን ያድርግ? ተሻምቶ ገዛ።

ጉዱ የታየው በኋላ ነው። ለሪቪው ጸሐፊዎች አስቀድሞ የተሰጣቸው የኮምፒውተር ቅጂው ብቻ ነበር። ራሳቸው የቀረጹትን ቪዲዮ ማሳየት አይችሉም፤ ኩባንያው ያዘጋጀላቸውን እንጂ። በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን የገዛው ሰው ሲከፍተው ግን ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይንቀራፈፋል፣ መሃል ላይ ጥሎ ይወጣል። ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ጌሙን ከመደብሩ አውርዶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ጸሐፊዎቹ ዋሹ አንልም። እነሱ የጻፉት በኮምፒውተር ስለተጫወቱት ጌም ነው፤ ሕዝቡ የገዛው ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ችግር ገንዘብ ነው። በ2007 ጄፍ ጌርስትማን የተባለ የጌምስፖት ጸሐፊ ኬን ኤንድ ሊንች ለተባለ ጌም ከ10 6 ሰጠ። የዚያው ጌም ማስታወቂያ ድረ ገጹን ሞልቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተባረረ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2012፣ ከአስታዋቂዎች በኩል የመጣው ጫና እንዳባረረው ራሱ ተናገረ። እንግዲህ ስድስት የሰጠ ሰው እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ፣ ስምንት የሰጠውን እንዴት አድርገን እንመነው? ሁሉም ይሸጣል ማለታችን አይደለም። ቁጥሩ ግን ማን ምን ጫና ውስጥ ሆኖ እንደሰጠው አይነግረንም።

"እንዲህ ከሆነማ ሪቪው ገደል ይግባ፤ ራሳችን ተጫውተን እንፈርዳለን" የሚል አይጠፋም። ቆይ፣ ረጋ እንበል! ስቲም ከ2015 ጀምሮ፣ ጌም ከገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘባችሁን ይመልሳል። ደግ ነገር ነው። ግን ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ ጌም በሁለት ሰዓት ይታወቃል? የጌም የመጀመሪያ ሰዓት እንደ ጫጉላ ነው፤ ሁሉም ነገር ያምራል። አርባኛው ሰዓት ላይ እንደሚሰለች ሊነግራችሁ የሚችለው እዚያ ድረስ የሄደ ሰው ነው። ጥሩ ሪቪው የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

በዚያ ላይ የራስ ልምድም ያረጃል። ሳይበርፐንክ በሴፕቴምበር 2023 በወጣው 2.0 ማሻሻያ ብዙ ነገሩ ተለውጧል። በ2020 ተጫውቶ "ቆሻሻ ነው" ያለ ወዳጃችን ዛሬም ያንኑ ቢደግም ልንከራከረው እንችላለን። እጁ ላይ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ግን ዝም እንላለን፤ 2.0 ለዚያ ማሽን አልወጣም። አያችሁ? ዞሮ ዞሮ ጥያቄው "በየትኛው ማሽን?" ነው።

ለአብዛኞቻችን ደግሞ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሪቪው የሚጽፈው ሰው ፊት ያለው አዲስ ኮምፒውተርና ፈጣን ኢንተርኔት ነው። እኛ ቤት ያለው ወንድም ከውጭ የላከው አሮጌ ማሽን ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔቱም ከመብራቱ ጋር ይሄዳል። ብዙ ጊጋ ባይት ማውረድ በራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ጌም መግዛት ለእኛ በጣም ይወደዳል።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ቁጥሩን እለፉትና ጽሑፉን አንብቡ። ጸሐፊው በምን ማሽን እንደተጫወተና ጌሙን ጨርሶ እንደሆነ ካልነገራችሁ፣ ሌላ ፈልጉ። የምትወዱትን የሚወድ፣ የምትጠሉትን የሚጠላ አንድ ጸሐፊ ካገኛችሁ፣ ከመቶ ሰው አማካይ እሱ ይሻላችኋል። ከዚያ በኋላ ሰፈራችሁ ያለው ጌም ዞን ጌሙ ካለው፣ ጥቂት ብር ከፍላችሁ ጆይስቲኩን ጨብጡት። ኳሱ ሲመታ ደስ ይላል ወይ? መኪናው ሲታጠፍ ይታዘዛል ወይ? ይህን የትኛውም ሪቪው ሊነግራችሁ አይችልም።

ሪቪው ምስክር ነው፤ ምስክርም ይጠየቃል። ፍርዱን ግን ከፋዩ ይስጥ።

ቸር ይግጠመን!