የሲሚንቶው መኪና ይታያል፣ የወታደሩስ?

ከሞምባሳ ተጭኖ በማርሳቢት በኩል ወደ እኛ፣ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ የሚመጣ የትራንዚት ዕቃ ኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ይደረግበታል። ሾፌሩ ከመንገዱ ቢወጣ ወይም ማሸጊያው ቢነካ፣ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን እዚያው ቢሮው ተቀምጦ ያውቃል። ዕቃውን ወደብ ያደረሰችው የንግድ መርከብም ከዚህ አታመልጥም። ከ300 ቶን ጀምሮ፣ አገር አቋርጣ የምትጓዝ መርከብ ሁሉ ስሟን፣ ያለችበትን ቦታና ፍጥነቷን በሬዲዮ የሚያሰራጭ መሣሪያ እንድትይዝ ዓለም አቀፍ ሕግ ያስገድዳታል። የጦር መርከብን ግን አያስገድድም።

ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሥፍራውን ለጠላት እያስታወቀ የሚዘምት ጦር የለም። የማይገባኝ፣ እንዳይታይ የተፈቀደለት ሁሉ እንዳይጠየቅም የተፈቀደለት ሲመስለው ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2017 ሌሊት፣ ፊትዝጄራልድ የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ያለበትን ቦታ ሳያሰራጭ ሲጓዝ ጃፓን አጠገብ ከኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨ፤ 7 መርከበኞች ሞቱ። ሁለት ወር ቆይቶ ጆን ማኬይን የተባለው ሌላ የአሜሪካ የጦር መርከብ ሲንጋፖር አቅራቢያ ከነዳጅ ጫኝ ጋር ተጋጭቶ 10 ሞቱ። ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ድካምና የሥልጠና ጉድለትም ነበረበት። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በተጨናነቀ መስመር ላይ ራሳቸውን እንዲያሳውቁ ታዘዙ፣ ሁለቱ መርከቦች የነበሩበት የሰባተኛው የመርከብ ጓድ አዛዥ ከቦታው ተነሣ፣ የአደጋው ዘገባም ለሕዝብ ወጣ። በፊትዝጄራልድ አዛዥ ላይ የቀረበው የወንጀል ክስ ኋላ ስለተነሣ ፍትሑ ሙሉ ነበር አልልም። ቢሆንም የሟች እናት ልጇ እንዴት እንደሞተ ከዘገባው ማንበብ ትችላለች።

በእኛ በኩልስ? መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ የመከላከያ ወታደሮች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ተኮሱ። መንግሥት 9 ሰዎች መገደላቸውን አምኖ፣ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ታጣቂዎች ድንበር ጥሰው ገቡ በሚል የተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ ነው አለ። ወታደሮች ትጥቃቸውን ፈትተው እየተመረመሩ መሆኑም ተነገረ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ልጁን አዝሎ ወደዚህ ወደ ኬንያ ተሻገረ፤ ሶሎሎ ድረስ የዘለቀም ነበር።

መረጃውን ማን ሰጠ? ማን ሳያጣራ ተቀበለ? ተኩስ ያለውስ ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የትኛውንም የጦር ዕቅድ ለጠላት አያጋልጥም። የሲሚንቶ ጭነት የት እንደደረሰ በየሰዓቱ በሚታወቅበት ድንበር ላይ፣ ጥይት የጫነ መኪና በማን ትእዛዝ እንደወጣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን መታወቅ ነበረበት።

ኢትዮጵያ አሁን ባሕር ኃይሏን መልሳ እያቋቋመች ነው። ነገ የጦር መርከቦቿ ከንግድ መርከቦች ጋር በአንድ መስመር ላይ ይጓዛሉ። ከዚያ በፊት ግን መከላከያ ሚኒስቴር የሞያሌውን ምርመራ ውጤት፣ የተቀጣ ካለም ማን እንደሆነና ምን እንደተፈረደበት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ያውጣልን።