ግንቡ ከመሣሪያው ይቅደም

በመካነ ሰላም ተቀምጦ ስለ አክስለሬተር መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉን ጓደኞች አሉ። እኛ ግን ጊዜው አሁን ነው እንላለን።

አክስለሬተር የአቶምን ጥቃቅን ክፍሎች በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጣድፍ መሣሪያ ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ወሰን ያለው የሰርን መሣሪያ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ሲሆን 100 ሜትር ያህል ከምድር በታች ተቀብሯል። ይህን የሚያህል ለወሎ ቦረና አያስፈልገውም። ነገር ግን የካንሰር ሕመምተኛን በጨረራ የሚያክመው ትንሹ መሣሪያ የዚያው ዘር ነው። ከደጋችን የሚነሣ ስንቱ ሕመምተኛ ለጨረራ ሕክምና ደሴን አልፎ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲጓዝ ኖሯል! መሣሪያው አንድ ቀን ቢቀርበን ደስታችን ወሰን የለውም። የምንሠጋውም ያንኑ ደስታ ነው፤ ሰው በቸኮለ ጊዜ የግንቡን ውፍረት የሚጠይቅ ይጠፋልና።

በከንቱ መሸበርም አይገባም። አክስለሬተር ሲጠፋ ጨረሩ ይቆማል፤ በዚህ ከኮባልት ይለያል። በሚሠራበት ጊዜ ግን ወፍራም የኮንክሪት ግንብና በር ሲከፈት ኃይሉን የሚቆርጥ መቆለፊያ ያሻዋል። በትልልቆቹ ዘንድ ደግሞ ከጠፋም በኋላ የተመታው ብረት ራሱ ጨረራ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በሶቪየት ኅብረት፣ በፕሮትቪኖ፣ አናቶሊ ቡጎርስኪ የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ መሣሪያውን ሲመረምር መከላከያው ባለመሥራቱ የፕሮቶን ጨረር ጭንቅላቱን በስቶት አለፈ። ነፍሱ ብትተርፍም የፊቱ ግማሽ ሽባ ሆነ። ዕውቀት ብቻውን ጋሻ አይሆንም ማለት ነው።

ሕግ የለንም አንልም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጨረራና ኒኩሌር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009ም ወጥቷል። በዓለም አቀፉ ደንብ ለሠራተኛ የተፈቀደው መጠን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሕዝብ 1 ሚሊሲቨርት ነው። ጥያቄያችን፣ ይህን የሚለካው ማነው? የሚል ነው።

መሣሪያውን የገዛና የሚያሠራ ወገን ራሱን ቢመረምር፣ ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። የዓለም ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ሰርን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ ተቆጣጣሪዎች ጋር ስለ ጨረራ ጥበቃ የሦስትዮሽ ስምምነት ፈርሟል። እኛ ከእርሱ በምን እንበልጣለን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ተቆጣጣሪው ከገዥውና ከአሠሪው የተለየ ይሁን። የምርመራው ውጤት ተመዝግቦ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ለካፊዎቹም ከየአውራጃው የፊዚክስ ተማሪዎች መካከል አስቀድመው ይሠልጥኑ። ይህ የመጨረሻው ለመንግሥት ብቻ የተተወ አይደለም፤ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእኛም የቤት ሥራ ነው።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ፣ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል።