«የ13 ወር ፀሐይ» ለታሰረ አይሠራም

በዚህ አገር «እስስት» ማለት ስድብ ነው። ፓርቲ የቀየረ እስስት ነው፤ ሐሳቡን ያሻሻለ እስስት ነው፤ ጠዋት ከአለቃው ማታ ከአድመኞቹ ጋር የታየም ያው እስስት ነው። ስንሰዳደብበት ዘመናችንን ጨረስን እንጂ እንስሳው ራሱ ምን በልቶ እንደሚያድር የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር። ሳልጠይቅ አንዱን ገደልኩ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ክስ ነው፤ አንደኛ ተከሳሽ እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር። የእህቴ ልጅ ከአጥር ላይ ጣት የምታክል ግልገል እስስት ይዞ መጣ። ጎረቤት ሁሉ «ጣለው! እጅህን ታጠብ!» ብሎ ጮኸ። እኔ የተማርኩት አጎት ግን ደረቴን ነፍቼ «ተዉት፣ ይማርበት» አልኩ። ካርቶን ተዘጋጀ፣ ቅርንጫፍ ገባበት፣ በቆርኪ ውኃ ተቀመጠለት፣ መስኮቱ ሥር ተደላደለ። ምግቡ ዝንብ ነው። ዝንብ ደግሞ በእኛ ቤት ሞልቷል። ምላሱን እየወነጨፈ ሲለቅም ለማየት ያ የጮኸው ጎረቤት ሳይቀር ይሰለፍ ጀመር።

ሁለተኛው ወር ላይ ምላሱ ማጠር ጀመረ። ወርውሮ ዝንቡ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ቅርንጫፍ እንደ መቆንጠጫ ጨምድደው ይይዙ የነበሩት እግሮቹ ላሉ፣ የፊቶቹም እንደ ቀስት ጎበጡ። መንጋጋው ሲነካ እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል። «ጋሼ፣ አጥንቱ ለምን ለሰለሰ?» አለኝ ልጁ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ጠዋት ከካርቶኑ ወለል ላይ ወድቆ አገኘነው።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። የእንስሳት ሐኪሞች ሜታቦሊክ የአጥንት በሽታ ይሉታል፤ በሰው እጅ የሚያዙ እስስቶችንና እንሽላሊቶችን ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ጡንቻ እንዲሠራ፣ ነርቭ እንዲታዘዝ ደም ውስጥ ካልሲየም መኖር አለበት። ከምግብ ካልመጣ የፓራታይሮይድ ዕጢ ትእዛዝ ይሰጥና ደም ከአጥንት ይበደራል። ዛሬ ይበደራል፣ ነገም ይበደራል። ብድሩን የሚመልስ ከሌለ አጥንቱ ላስቲክ ይሆናል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይሰንፋል። የኛው ሟች ሲበላ ከርሞ ነው የሞተው። የራበው አጥንቱ ነበር።

ይህን ለወዳጆቼ ስነግር ሦስት መልስ አገኘሁ። ሦስቱንም ሳልመልስ አላልፍም።

«ጫካ ውስጥ ማን ካልሲየም ይሰጠዋል?»

ማንም። ጫካ ውስጥ ግን ካርቶን የለም። እዚያ እስስቱ የበላው ትናንት ፌንጣ፣ ዛሬ አባጨጓሬ፣ ነገ ጥንዚዛ ነው። እያንዳንዱም ሆዱ ውስጥ የበላውን ቅጠል ይዞ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይና ጥላ እያማረጠ ይውላል። እኛ ይህን ሁሉ ነጥቀን በምትኩ ዝንብ ሰጠነው። ለእስስት ወገን በምግቡ ውስጥ ካልሲየም ከፎስፈረስ ቢያንስ እኩል፣ ቢቻል እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። በአብዛኞቹ ነፍሳት ሥጋ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ ፎስፈረሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተፈጥሮ በብዙ መንገድ የምታካክሰውን ጉድለት በካርቶን ውስጥ ማካካስ ያለበት ካርቶኑን የዘጋው ሰው ነው። «ተፈጥሮ ያውቃል» የሚለው ተረት ተፈጥሮን ከቆለፍክ በኋላ አይሠራም።

«እዚህ አገር ደግሞ ፀሐይ ይጠፋል እንዴ?»

ይህኛው የኔም ነበር። አርባ ምንጭ እኮ ነው! ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን በ13 ወር ፀሐይ ለዓለም ካስተዋወቁ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኛም በሰማነው ቁጥር ፀሐዩ በራሱ ጊዜ ቤት ድረስ የሚመጣ ይመስለናል። ካልሲየምን ከአንጀት ወደ ደም የሚያስገባው ቫይታሚን ዲ ነው። ቫይታሚን ዲን ቆዳ ላይ የሚሠራው ደግሞ ብርሃኑም ሙቀቱም ሳይሆን አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያስገባል፣ ሙቀቱን ያስገባል፣ ይህን ጨረር ግን በር ላይ ያስቀረዋል። የኛ እስስት ሁለት ወር ሙሉ «ፀሐይ ሲሞቅ» ፀሐይ አላገኘም።

የሚያናድደው ደግሞ እንስሳው ራሱ ማወቁ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የማዳጋስካር ፓንተር እስስት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፦ በምግባቸው ቫይታሚን ዲ ያነሳቸው እስስቶች ጨረሩ ወዳለበት ወጥተው ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ፤ የበቃቸው ደግሞ ይቀንሳሉ። ሐኪም ሳያዝላቸው፣ ላቦራቶሪ ሳይሄዱ! በሩን ብንከፍትለት የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። መስታወቱን ያቆምነው እኛ ነን።

«ሕፃናት በተራቡበት አገር ስለ እስስት ቫይታሚን?»

ትልቁ መልስ ይህ ነው፤ ሲናገሩትም ያምራል። ግን እስኪ ስለ ሕፃናቱ እንነጋገር። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል ነው የተሠራው። በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ው ብቻ። ሪኬትስ ማለት እኮ ያው የጎበጠ እግር፣ ያው የለሰለሰ አጥንት ነው! ይህ የሆነው ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ዋና ከተማ ውስጥ ነው። ሕፃኑ ብርድ እንዳይመታው ይሸፈናል፣ ዓይን እንዳይበላው ይደበቃል፣ ጓዳ ውስጥ ያድጋል።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ሁለት ጉዳይ አይደለም የያዝነው። ካርቶን ውስጥ ያለውን የእስስት አጥንትና ጓዳ ውስጥ ያለውን የሕፃን አጥንት የሚያለሰልሰው አንድ ሕግ ነው። ፀሐይ ቆዳ ካልነካች ሰማይ ላይ መዋሏ ብቻ ምንም አይፈይድም። ለእስስቱ የገባው ልጅ ነገ አባት ሲሆን ለልጁም ይገባዋል። አያቶቻችን ጠዋት ጠዋት ሕፃን ፀሐይ የሚያሞቁት ላንሴትን አንብበው አልነበረም። እኛ አንብበንም መስታወት ሥር እናስቀምጣለን።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥፋት እንዳልጋብዝ እፈራለሁ። ይህን አንብቦ ወደ ፋርማሲ ሮጦ የአያቱን የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ፈጭቶ ለሚያጎርስ ሰው መልእክቴ አንድ ነው፤ እባክህ ተው። ቫይታሚን ዲ በስብ ውስጥ የሚጠራቀም ነው፤ እንደ ትርፍ ውኃ በሽንት አይወጣም። ሲበዛ ካልሲየሙ ከአጥንት ይልቅ ኩላሊትና የደም ሥር ላይ ይጋገራል። ቫይታሚን ኤም እንዲሁ ነው፤ ሲያንስ የእስስትን ዓይን ያሳብጣል፣ ሲበዛ የቫይታሚን ዲን ሥራ ያበላሻል። ለሰው የተመጠነ ክኒን ጣት ለምታክል ፍጥረት ምግብ ሳይሆን መርዝ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አትያዘው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት የሳይተስ ስምምነትም የእስስት ዓለም አቀፍ ንግድን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል። ሕጉ ባይኖርም ካርቶኔ ይመስክር።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ኖሮህ፣ ለትምህርት ወይም ለማስታመም በእጅህ ካለ፣ የነጠቅኸውን መልስ። መስታወት በሌለበት፣ በሽቦ ወንፊት ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ይሙቅ፤ ሲበቃው የሚሸሽበት ጥላም ይኑረው። ውኃ በቆርኪ አይደለም፤ እስስት የሚጠጣው ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ነው። ዝንብ ብቻ አይሁን። ፌንጣውን ከመስጠትህ በፊት አንድ ቀን ፌንጣውን ራሱን መግበው። ምን? በየጓሮው ያለውን ሽፈራው፣ ጋሞዎች ሃለኮ የሚሉትን። ቅጠሉ በካልሲየም የታወቀ ነው፤ በጀርመን ዱቄት ከመመኘት በፊት አጥር ማየት ይቀድማል። የእንቁላል ቅርፊትም አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቀቅለህ፣ አድርቀህ፣ በሙቀጫ አልመህ ፌንጣው ላይ ስስ አድርገህ ነስንስ። እንቁላል የያዘች እንስት ከሆነች ደግሞ የበለጠ ያስፈልጋታል፤ ቅርፊቱን ከየት ታምጣው?

ይህ ነገር የእስስት ብቻ እንዳይመስልህ። ከተማችን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዞ እርባታ አላት፤ ቱሪስት የሚመጣላት አንዱ ምክንያት ነው። የጫሞ አዞ ዓሣውን ከነአጥንቱ ነው የሚውጠው። ከአጥንት የተለየ ቀይ ሥጋ ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል። አዞ፣ ንስር፣ እስስት፣ ማንኛውንም ታስሮ የሚቀለብ እንስሳ ስትጎበኝ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብቻ ብለህ ፎቶ ተነሥተህ አትሂድ። «አጥንቱን ምን ይመግቡታል?» ብለህ ጠይቅ። ጥሩ ቀላቢ ከሆነ ጥያቄህ ደስ ይለዋል።

የእህቴ ልጅ አሁንም አጥሩ ላይ እስስት ያያል። በቀደም አንዷን አግኝቶ ጠራኝ፤ ሁለታችንም እጃችንን ኪሳችን ከትተን ቆመን አየናት። ከጥላው ቀስ ብላ ወጥታ ጎኗን ለፀሐይ ሰጠች። «ጋሼ፣ እሷ ታውቃለች» አለኝ።

እኔ ነኝ ያላወቅሁት፣ እሱም አሁን አውቋል።