የጓሮው ጌሾና የአከራዩ ጌትነት

ጭሰኝነት በአገራችን በአዋጅ የቀረው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠሩ መሬት የሕዝብ፥ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ታወጀ፤ የባለመሬትና የጭሰኛ ወግም ዳግመኛ ላይነሣ ተቀበረ ተባለ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፥ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፥ ከእኛ በፊት የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የተሰለፉት ለዚሁ ነበር። ነገር ግን አዋጅ ሕግን ይሽራል እንጂ ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም። ጌትየው ከእርሻው ላይ ተነሣ እንጂ ከልብ ውስጥ አልተነሣም። ዛሬም በየሰፈሩ፥ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ተቀምጦ «ግቢው የእኔ ነው» እያለ ሲያዝና ሲናዝዝ እናገኘዋለን።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ጓሮ ነው። «ተማሪ ስለ አገር ጉዳይ ይጻፍ እንጂ ስለ ጎመን ምን አገባው?» የሚሉ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ለእነርሱ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ሰው መብቱን የሚነጠቀው ከትልቁ ተጀምሮ አይደለም፤ ከትንሹ ተጀምሮ ነው። በትንሹ ዝም ያለ ሰው በትልቁ ቀን አፍ አያገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ኪሎ በላይ በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት የሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ሁለቱን አምስት የማኅበራችን አባላት ተከራይተዋል። በሦስተኛው የሚኖሩት ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ አንዲት እናት ናቸው፤ እኛ «እማማ» እንላቸዋለን፤ ስማቸውን እዚህ መጥራት አያስፈልግም። ከክፍሎቹ በስተኋላ 8 ሜትር በ10 ሜትር የምትሆን ጓሮ አለች። ቤቱ ሲከራይ ይህች ጓሮ የሰባራ ጡብ፥ የዛገ ቆርቆሮና የጠርሙስ ስባሪ መጣያ ነበረች። በዚያን ጊዜ አከራዩ ደላላውና ጎረቤት ቆመው ሲሰሙ «ከፈለጋችሁ አልሟት፤ ለእኔ ምን ትሠራልኛለች?» አሉ። ልብ እንበል፤ ቃሉ የራሳቸው ነው።

ልጆቹና እማማ ጓሮዋን አለሟት። ቅዳሜና እሑድ ስባሪውን በጆንያ እየሞሉ አወጡ። ከብት ከሚያረቡ ሰዎች ፍግ ለምነው ተሸከሙ፤ የምድጃ ዐመድና የቡና አተላ ጨመሩበት። ጎመን፥ ቆስጣ፥ ቃሪያና ድንች ዘሩ። በዳር በዳሩ ጤና አዳም፥ በሶብላና ዳማከሴ ተከሉ። እማማ ደግሞ በአጥሩ ጥግ 12 የጌሾ ችግኝ ተከሉ። ጌሾ እንደ ጎመን የዛሬ ተከላ ለወር ወጥ የሚደርስ አይደለም፤ ቅጠሉና እንጨቱ ለጥንስስ እስኪበቃ ዓመታት ይጠበቃል። የሚጠብቅ ሰው ነገም እዚያው እኖራለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እማማ ያመኑት የአከራዩን ቃል ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጌታው ጓሮዋን አዩ፤ አረንጓዴ ሆናለች። መጀመሪያ «እስቲ ለቤት ትንሽ ጎመን» ብለው ጠየቁ፤ በደስታ ተሰጣቸው። ቀጥሎ ሳይጠይቁ መቀንጠስ ጀመሩ። ቀጥሎ ሠራተኛቸውን ከነቅርጫቷ ላኩ። ቀጥሎ ጎህ ሲቀድ ሳያንኳኩ የጓሮውን በር ከፍተው እየገቡ፥ ልጆቹ ከተኙበት መስኮት ሥር እየቆሙ «ማን መጣ? ማን አደረ?» ይሉ ጀመር። ልጃቸውንም ማታ ማታ ሒሳብ በነፃ እንዲያስጠኑላቸው አዘዙ። አዘዙ እንጂ አልጠየቁም። ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸው አንድ ሳምንት ቢያቋርጡ የቧንቧው ቁልፍ ተቆለፈ፤ «ውሃው የተከራየው ለመጠጥ ነው፤ ለጎመን አይደለም» ተባለ።

በነሐሴ ወር ደግሞ የቀን ሠራተኞች ይዘው መጡ። የባቄላ ፍሬ ያህል እንኳ ያልሞላው ድንች ተቆፍሮ ተጣለ። ጌሾው ከመሬት እኩል ተቆረጠ። በላዩ ጠጠር ተነጠፈበት፤ ለመኪና ማቆሚያ ሊከራይ ነው። በዚያው ሳምንት «ግቢው ስለ ተሻሻለ» ኪራዩ ከመስከረም ጀምሮ መጨመሩ፥ ያልተስማማው ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለቅ ተነገረ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው። ግቢውን ያሻሻሉት ተከራዮቹ ናቸው፤ ያሻሻሉትን ያፈረሱት አከራዩ ናቸው፤ የማሻሻያውን ዋጋ የሚጠየቁት ግን ተከራዮቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለልጃቸው በነፃ ያስጠኑት ልጆቹ አይደሉም፤ ከቤት የተማረው ይሆናል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። አከራዩ የሚያቀርቡት አንደኛው ምክንያት «ግቢው የእኔ ነው» የሚል ነው። ቤቱ የእርሳቸው መሆኑን ማንም አልካደም። መሬቱን በሚመለከት ግን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ይኸው አንቀጽ አንድ ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ታዲያ በዚያች ጓሮ ላይ ጉልበቱን ያፈሰሰው ማን ነው? ስባሪውን በጆንያ ያወጣው ማን ነው? ይህን ስንል ተከራይ የግቢው ባለቤት ሆነ ማለታችን አይደለም። የምንለው፥ «የእኔ ነው» የሚለው ቃል የሌላውን ላብ ለመዋጥ አይበቃም ነው።

ደግሞስ ማከራየት ማለት ምን ማለት ነው? አከራይ የሚሸጠው ግድግዳውን አይደለም፤ በግድግዳው ውስጥ በሰላም የመኖርን ጊዜ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም አከራይ ተከራዩን በሰላም የመገልገል መብቱን እንዲያረጋግጥለት ግዴታ አድርጎበታል። በቅሎውን ለመንገደኛ ያከራየ ሰው «በቅሎዋ የእኔ ናት» ብሎ መንገድ ላይ ከኋላ ልፈናጠጥ አይልም። ቢል መንገደኛው ሁሉ ይስቅበታል። ቤቱን አከራይቶ በየንጋቱ በመስኮት ሥር የሚቆመው ሰው ግን አይሳቅበትም፤ «ባለቤት ነው፥ ምን ይደረግ» ይባልለታል። ሕገ መንግሥቱ በ26ኛው አንቀጽ የሰው መኖሪያ ቤት እንዲከበር ሲደነግግ በባለቤቱና በተከራዩ መኖሪያ መካከል ልዩነት አላደረገም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው «በውል የተሰጣቸው ክፍሉ ነው፤ ጓሮው አልተጻፈም» የሚል ነው። ውሉ የታለ? ከደብተር በተቀደደች ግማሽ ሉህ ላይ የተጻፈች ስምና የገንዘብ ልክ ናት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይወስናል። ኪራይ የሚጨመረውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንጂ አከራይ አንድ ማለዳ ሲነሣ በታየው ልክ አይደለም። ልጆቹ ውላችን ይጻፍና ይመዝገብ ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል፤ ሁለት ጊዜም «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል መልስ አግኝተዋል። ውል ሲጠየቅ ቤተሰብ፥ ኪራይ ሲጨመር ባዕድ! ከተናገሩት የወለዱት ይጥፋ የሚለው አበው ያቆዩልን ቃል እንዲህ ላለው ሰው የተነገረ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎረቤት የሰማው ቃላቸው ዛሬም ጎረቤት ጆሮ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስናይ የቆየ ነገር ትዝ ይለናል። በዱሮው ሥርዓት ባለመሬቱ ሲሶም እኩልም ይወስድ ነበር፤ ያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ የባለመሬቱ ድርሻ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ፈቅዶ ነበር። ጭሰኛው ነገ እባረራለሁ ብሎ ስለሚሰጋ ዛፍ ተክሎ ፍሬውን ለመጠበቅ አይደፍርም ነበር። መሬቱን ቢያሻሽል የሚሻሻለው የጌታው ድርሻ ነውና። ከምርቱም በላይ የጉልበት አገልግሎት ነበረበት፤ የጌታውን አጥር ማጠር፥ እህሉን መፍጨት፥ እንጨቱን መፍለጥ። አሁን አንድ በአንድ እናነጻጽር። ቅርጫቷ ሲሶው ናት። በነፃ የሚጠናው ሒሳብ የጉልበት አገልግሎቱ ነው። የ15 ቀኑ ማስጠንቀቂያ የዱሮው ማፈናቀል ነው። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። መኖሪያውን ያጣ ሰው የሚተክለው ነገር ስለሌለ፥ ከተማችን የጠጠር ግቢ ከተማ ብትሆን አንደነቅም።

ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር እንጨምር። አከራይ ሁሉ እንዲህ ነው አንልም። በአንዲት ክፍል ኪራይ ልጆቿን የምታስተምር ባሏ የሞተባት እናት አለች፤ የግብሩም የኑሮውም ውድነት የሚከብደው ጡረተኛ አለ። ከእነርሱ ጋር ጠብ የለንም። ተከራይም ግዴታ አለበት፤ ኪራዩን በቀኑ መክፈል፥ የውሃና የመብራት ድርሻውን መቻል፥ ቤቱን እንደ ራሱ መያዝ። አከራይ ቤቱን ማየት ሲፈልግ አስቀድሞ ነግሮ፥ አንኳኩቶ ቢገባ ማንም በሩን አይዘጋበትም። አምስቱ አባሎቻችን አንድም ወር ኪራይ አላሳደሩም። እማማም እንዲሁ። ስለዚህ ጠባችን ከአከራይነት ጋር ሳይሆን ከጌትነት ጋር ነው።

አንዳንድ አስታራቂዎች «ምን አጨቃጨቃችሁ፥ ቤት ሞልቷል፤ ልቀቁና ሌላ ፈልጉ» ብለው መክረውናል። ምክሩ ከደግ ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ክፉ ነው። ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው ቢወጡ በማግሥቱ ሌሎች ተማሪዎች ይገባሉ፤ እነርሱም ያስጠናሉ፥ እነርሱም ይባረራሉ። እማማስ ወዴት ይሄዳሉ? ደንበኞቻቸው በዚያው ሰፈር ናቸው። ጋኑ በጋሪ ይጫናል፤ ደንበኛ ግን በጋሪ አይጫንም። ጌሾም ነቅለው ይዘውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም። ጌሾውን ከገበያ ሲገዙ ከጠላው የምትተርፈው ጥቂት ብር ወደ ገበያው ትሄዳለች። አከራዩ የቆረጡት 12 ቁጥቋጦ አይደለም፤ የአንዲት እናት ጥሪት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የራሳችን ወገን ነው። በክፍል ውስጥ ስለ 1957ቱ ሰልፍ ሲወራ ዐይኑ የሚያበራ፥ ስለ ጭሰኝነት ሥርዓት ሃያ ገጽ ጽፎ ጥሩ ማርክ የሚያገኝ ተማሪ፥ ማታ ወደ ተከራየበት ግቢ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌታዬ እንዴት አመሹ» እያለ የባልንጀራውን መባረር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ለሞቱ ጭሰኞች የሚያለቅስ፥ አጠገቡ ላለው ተከራይ ግን ጊዜ የሌለው ትምህርት ምን ይረባል?

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

አንደኛ፥ ጠጠሩ ይነሣ። የጌሾው ጉቶ ከሥሩ አልተነቀለምና አየር ካገኘ ያቆጠቁጣል። ለተጣለው ድንችና ጌሾው እስኪያገግም ለሚጠፋው ጊዜ ሽማግሌ የሚቆርጠው ካሣ ለእማማና ለልጆቹ ይከፈል።

ሁለተኛ፥ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ጓሮውና ውሃው በስማቸው ተጠቅሰው ይግቡበት፤ ውሉም በአዋጁ መሠረት ይመዝገብ።

ሦስተኛ፥ ከአዋጁ ውጭ የተጠየቀው ጭማሪና የ15 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ይሻር። የቧንቧው ቁልፍ ዛሬውኑ ይከፈት። ወደ ተከራይ በር የሚመጣ ሁሉ ያንኳኳ።

አራተኛ፥ ይህ ለራሳችን ነው፤ ማኅበራችን ከሕግ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ጋር ሆኖ የተከራዮችን ውል የሚጽፍና የሚያስመዘግብ ኮሚቴ ያቋቁም። ውል ለመጻፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ሁለቱም አሉን።

አከራዩ ይህን ሉህ ያነቡታል፤ በበራቸው ሥር እናደርሳለንና፤ አንኳኩተን። መልስ ቢጽፉ በሚቀጥለው እትም ሳንቆርጥ ሳንቀጥል እናትመዋለን። ዝም ቢሉ ግን እኛ ዝም አንልም፤ ልጆቹና እማማ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ብቻቸውን አይሄዱም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በየሰፈሩ በኪራይ የምትኖሩ እኅቶችና ወንድሞች፥ ውላችሁን ይዛችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ኑ። ውል የሌላችሁም ኑ፤ እንዲያውም እናንተ ቅደሙ።